ወተት ያልወጣው ቁልቋል

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት መርሳ ከተማ የተከራየነው ቤት ጓሮ ውስጥ ከጣራው በላይ የወጣ ቁልቋል ነበር። ግንዱ ከቤቱ ምሰሶ ይወፍራል፤ ክንዶቹ ከወገቡ ተነስተው ሽቅብ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ዕድሜ ጠገብ ቁልቋል ገደል አፋፍ ላይ እንጂ በሰው ጓሮ አይቼ አላውቅም ነበር። ገና የዕቃችንን ገመድ ሳንፈታ አንገቴን ቀና አድርጌ ስዞረው ባለቤቴ፣ "ቤቱን ነው የተከራየሽው ወይስ ዛፉን?" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከደሴ ሲመለስ ከሩቅ የሚታየው ያ ቁልቋል ስለነበር ውሎ አድሮ ራሱም ወደደው።

ደስታዬ የቆየው ልጃችን መራመድ እስክትጀምር ድረስ ነው። አንድ ቀን ግድግዳ ይዛ የቆመችው ልጄ ግድግዳውን ለቅቃ በቀጥታ ወደ ግንዱ ስትሄድ አይቼ ሮጬ አነሳኋት። ቁልቋል ሲነካ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። በልጅነታችን፣ ግራና በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ታናሽ እህቴ የአጥር ቁልቋል ሰብራ በዚያው እጇ ዓይኗን አሸች። የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እናቴ የምታጠባ ጎረቤት ጠርታ የጡት ወተት ጠብ አስደረገችባት፤ በዚያ ዳነች። ሁሉም ግን እንደሷ ዕድለኛ አይሆንም።

"ወይ ይቆረጥ፣ ወይ ሌላ ቤት እንፈልግ" አልኩት ባለቤቴን።

የቤቱ ባለቤት ከጎናችን የሚኖሩ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። ዛፉን የተከሉት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ከወልድያ፣ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ግቢ፣ ክንድ የምታህል ቁራጭ በቅሎ ላይ ጭነው አምጥተው። ይህን እያወቅኩ ነው ደጃቸው የሄድኩት።

"እናቴ፣ አይቆጡኝና፣ ቁልቋሉ ለልጄ ያሰጋኛል።"

"የሟቹ የእጅ ተክል ነው" አሉ። "ግን ዓይን ከዛፍ ይበልጣል። እኔም ልጆቼን በዱላ እያባረርኩ ነው ያሳደግኳቸው። ባልሽ ይቁረጠው።" ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አላዞሩም።

እኛ ዘንድ ቁልቋል ሲቆረጥ የምታጠባ ሴት ከአጠገብ አትጠፋም። ከግቢው የማጠባ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ልጄን ጎረቤት ሰጥቼ፣ አፈር በትኜ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቼ፣ ፊቴን በነጠላ ጠቅልዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ባለቤቴ የአቧራ መነጽሩን አጥልቆ ገጀራ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሯል።

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? መድኃኒቱ ያለው አንቺ ጋ ነው፣ ቅረቢ እንጂ!"

"እዚህም ብሆን ይደርስልሃል።"

"ከዚያ ልትረጪኝ ነው?"

አጥሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

ገጀራው አረፈ። አንዱ ክንድ ዘጭ ብሎ ሲወድቅ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ስገልጥ ባለቤቴ ቁራጩ ላይ አፍጥጧል።

"ወተቱስ?" አልኩ።

"የምን ወተት? ውሃ ነው።"

ቀረብኩ። ከቁስሉ የሚወርደው እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ፣ ጥርት ያለ ነገር ነው። ከቀሚሴ መርፌ ነቅዬ የማዶውን ጎረቤት የአጥር ቁልቋል ወጋሁት፤ ነጩ ወዲያው ጠብ ጠብ አለ። ተመልሼ ትልቁን ወጋሁት፤ ውሃ።

"ይኼ ቁልቋል አይደለም!" ብዬ ጮህኩ።

"ታዲያ ምንድን ነው፣ ሸንኮራ?" አለች አንዷ ጎረቤቴ።

የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ምስር መልቀም የለመደ ዓይን ግን ነበረኝ። የአጥሩ ቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠርዙ እንደ ቀንድ ይወጣል። የዚህኛው ጥጥ ከመሰለ ትንሽ ነገር መሃል ብዙ ሆኖ እንደ ኮከብ ይበተናል። ይህን ጥጥ የት ነው የማውቀው? በለስ! በለስ ስልጥ እጄ ላይ የሚጣበቀው! ወደ መንገዱ ዳር ሮጥኩና የበለሱን እሾህ ሥር አየሁ፤ ያው ጥጥ። ወጋሁት፤ ያው የተልባ ውሃ።

"የበለስ ዘመድ ነው! የበለስ ዘመድ ነው!" እያልኩ ስመለስ ነጠላዬ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ባለቤቴ ለሁለተኛው ክንድ ገጀራውን አንስቷል።

"ተው! ተው!"

"ቁረጥ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ተው የምልህም እኔው ነኝ!"

አሮጊቷ ጩኸታችንን ሰምተው ወጡ። መርፌውን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ወጉት።

"ሱብሃነላህ! ሰውዬው 'ይኼ አይጎዳም' ሲለኝ፣ 'ስለምትወደው ነው' እያልኩት ኖርኩ። ለካ እውነቱን ኖሯል!" ሳቃቸው ሳያልቅ በሻሻቸው ጠርዝ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እንዳይነካ" አሉ።

እኔ ግን ያለ ስጋት መኖር አልችልበትም። ወተት ባይኖረውም እሾህ አለው። ልጄ እስከምትደርስበት ድረስ የግንዱን እሾህ በቢላዋ ፋቅኩት፤ ቁመቷ ሲጨምር ከፍ እያደረግኩ መፋቅ ያዝኩ። ባለቤቴ ከመንገድ ሲገባ አየውና፣ "ምነው፣ ማን ሞቶበት ነው ያላጨሽው?" አለ።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት ዛፉ አብቧል። ነጭ፣ ሳህን የሚያህል አበባ፣ ንቦች ውስጡ ገብተው የሚርመሰመሱበት! ጮኼ ሁሉንም ቀሰቀስኩ። አሮጊቷ፣ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያሉ መጡ፤ ፀሐይ ከበረታች እንደሚታጠፍ ስለነገሩን ማንም ቁርሱን አላስታወሰም።

ልጄ ከእቅፌ ወርዳ የተላጨውን ግንድ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እንቅልፏ ስላልለቀቃት በዚያው መዳፍ ዓይኗን አሸች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ አበባውን ሽቅብ አየችና እንደገና ግንዱን መታችው። አልጎተትኳትም።