የኦቦ ገመቹ ሽርጥ

ከምግብ ቤት ውስጥ ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም ቢሆን፣ «አቤት» የሚለው የእናቴ ድምፅ ተከትሎት የሚመጣ ይመስለኛል። እናቴ አበበች ከወላይታ መጥታ፣ ሰበታ ውስጥ በጅማ መንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበረች፤ እኔና እሷም እዚያው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ደንበኛ ስሟን አይጠራም፣ ያጨበጭብባታል እንጂ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ለእግዚአብሔር ያጨበጨበው እጅ ነበር ቀትር ላይ መጥቶ ለእናቴ የሚያጨበጭበው።

ክረምት ሲገባ የጭነት መኪና የሚረጨው ጭቃ እስከ ደጃፋችን እየደረሰ፣ እናቴ ጠርጋ ሳትጨርስ ወለሉ መልሶ ይቆሽሽ ነበር። ከቀኖቹ ሁሉ ከባዱ እሑድ ነበር፣ የገዛ ጸሎት ቤቷ ምእመናን ከጉባኤ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኛ ስለሚመጡ። ሰባኪው፣ ማርታ በሥራ ባክና ከጌታ እግር ሥር አልተቀመጠችም እያለ ሲወቅሳት ያረፍድና፣ ወጥቶ ቅርቡ ያለችውን ማርታ ቅቅል ያዛት ነበር። እናቴ ለጌታ እራት ቀን እንኳ ፈቃድ ስትለምን፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘርፌ፣ «የሚመጡት ያንቺው ወገኖች አይደሉ እንዴ? አንቺ ልትጸልዪ፣ እኔ ልከስር?» ይሏት ነበር። ስለዚህ ሳህን እያጠበች፣ ከሩቅ የሚመጣውን መዝሙር በከንፈሯ ትከተል ነበር፤ ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ ኅብስቱን ቀምሳ አታውቅም ነበር።

የማያጨበጭቡት ኦቦ ገመቹ ብቻ ነበሩ። ተፍኪ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ፣ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሲገቡ «አካም፣ አበቡ» ብለው፣ እጇ እስኪፈታ ጠብቀው፣ በልተው ሲጨርሱ ሳህናቸውን ራሳቸው ወደ ጓዳ ይመልሱ ነበር። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ እሑድ ጉርሻቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«አበቡ፣ የጌታ እራት ላይ ለምንድን ነው የማላይሽ?»

«እናንተ ስትበሉ ማን ያቅርብ፣ ኦቦ?»

የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በቀጣዩ የጌታ እራት ቀን ጉባኤው ሳይጀመር መጥተው፣ ጋቢያቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሽርጡን አምጪ።»

«ኧረ ኦቦ፣ ነውር ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ነውሩ እስከ ዛሬ የነበረው ነው። ደሚ! ሂጂ!»

«እርስዎስ? የጌታ እራት ሊያመልጥዎት?»

«እኔ ስንት ዘመን ወሰድኩ፤ ሂጂ አልኩሽ!»

እናቴ በሩጫ ሄደች። ጉባኤው ሲያበቃ ግን የራባቸው ምእመናን ቀድመዋት ደረሱ፤ ከእነሱም አንዱ፣ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ገና ሲቀመጡ ቀና እንኳ ሳይሉ አጨበጨቡ።

«ማነሽ! ቅቅል አምጪ፣ ትኩስ ይሁን! እንዳለፈው እንዳታቀዘቅዢው!»

«አቤት» አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

ጋሽ ታዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኦቦ! ምን… ምን ሆነው ነው?»

«ቅቅል አልቋል። ሽሮ ላምጣልዎ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሹፌር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰችና፣ ሽርጡን ከወገባቸው ፈትታ፣ ውሃ አምጥታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

ከዚያ ወዲያ በየጌታ እራቱ ቀን እሳቸው ያስተናግዱ፣ እሷም ትሄድ ነበር። የቀሩት ሽማግሎች «ሽምግልናን አዋረደ» ብለው፣ በጋው ሳያልቅ ከሽምግልናቸው አነሷቸው። ከሽርጡ ግን ያነሳቸው አልነበረም።

እኛ አዲስ አበባ ከገባን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በማስተር ፕላኑ ሁከት ሰሞን፣ ማሳቸው ላይ ችካል ተተክሎ ሳለ፣ ኦቦ ገመቹ ታመው ማረፋቸውን ሰማን። እናቴ «ለቅሶው ላይ የማስተናግደው እኔ ነኝ» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች። ሰበታ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይነድዳል። ከወጣቶቹ አንዱ ወደ ታክሲው ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ይመለሱ። ለቅሶም ቢሆን ዛሬ አያልፍም» አላት። ምግብ ቤት በለቃቀመችው ኦሮምኛ ለመነችው፤ እንዳዘነላት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፣ አላሳለፋትም ግን።

ከቀናት በኋላ መንገዱ ተከፍቶ ስንደርስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበርና ሳህን ተመልሶ ነበር። የሚስተናገድ ለቀስተኛ አልነበረም። የኦቦ ገመቹ ባለቤት እናቴን አስቀምጠው ምግብ አቀረቡላት፤ እሷም ቁራሿን እንደያዘች አለቀሰች።

ዛሬ እናቴ አርጅታ እሑዶቿ ሁሉ የራሷ ሆነዋል፤ እኔ ወደማልገባበት ትልቅ ጸሎት ቤት በሩ ድረስ እየሸኘኋት እመለሳለሁ። ያኔ ከማዕዱ ስትጎድል ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነበራት። አሁን አትጎድልም፤ ብትጎድል ግን የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።