የስድስት ዓመቷ መርዶ ነጋሪ

ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ለናታሌ፣ ለገና ዕረፍት፣ ልጆቹን ይዘን ሞምባሳ እንሂድ» ሲለኝ ያመመው መስሎኝ ግንባሩን ነካሁት። ለእኛ ባሕር ማለት ሮም አጠገብ ያለው ኦስቲያ ነው። ያውም በበጋ፣ በባቡር፣ ዳቦና ቲማቲም ይዞ ሄዶ ፀሐይ ሳትገባ መመለስ።

«በዚህ ብርድ?» አልኩት።

«እዚያ ብርድ የለም። ቢልዬቶውንም ቆርጫለሁ» አለ። ለካ ቲኬቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባለቤቴ ሮም ከሚገኙት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ይሠራል። «አገርህ ግባ» ተብሎ ሲጠራ የቀረ ሰው ስለሆነ፣ እሱም እኔም ወደ አዲስ አበባ ዝር አንልም። እናቴን ካየኋት ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሮም የወለድኳቸውን ሁለቱን ልጆቼን፣ የስድስት ዓመቷን ሴትና የሦስት ዓመቱን ወንድ፣ በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታውቃቸው። ስለዚህ ሞምባሳ ሲለኝ የእኔ ልብ የሄደው ወደ ባሕሩ አይደለም። ኬንያ ጎረቤታችን አይደለች?

«እናቴን በሞያሌ በኩል ማምጣት አይቻልም?» አልኩት።

ፊቱን አዞረና ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። «እስቲ ይታያል» አለ።

«ይታያል» የምትለዋን ቃል ይዤ ሁለት ሳምንት በደስታ ከረምኩ።

ልንሄድ ስንል አምስት የአገር ሰዎች፣ አንድ ሽማግሌ ጭምር፣ ሊሰናበቱን መጡ። ለአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት! መሐላቸው ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ቅመም ስፈልግ የተዋወቅኋቸው፣ እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት ነበሩ። አቅፈው አልለቅ አሉኝ። «አይዞሽ፣ ልጆችሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» ይሉኛል።

«እትዬ፣ ባሕር ዳር እኮ ነው የምሄደው! ጦር ሜዳ የምዘምት አስመሰሉት» ብዬ ሳቅኩ። ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ሞምባሳ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። የሆቴሉ አሸዋ ላይ ፈረንጁ ሁሉ እንደ ቋንጣ ተሰጥቷል። እናቴ መጥታ ይህን ሁሉ ራቁት ብታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ወደ ሆቴሉ በር የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ባለቤቴን ስጠይቀው፣ «አሎራ፣ እንግዲህ መንገዱ ሩቅ ነው» ይለኛል።

በአራተኛው ቀን ልጄ ወንድሟን እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ ቀብራው ትጫወታለች። እሱ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ይንከተከታል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ከአንዲት አዟሪ ሴት አበባ ያለበት ጨርቅ ገዛሁ።

«ይሄ ለአያታችሁ ነው። ስትመጣ እዚሁ አለብሳታለሁ» አልኩ።

ልጄ መቆፈሯን አቆመች።

«ኖና አትመጣም» አለች።

«ማን አለሽ?»

ወንድሟን በጣቷ አሳየችኝ። «ኖና እንደዚህ ናት። ግን ጭንቅላቷም ገብቷል።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረችበት። «ሞታለች እኮ፣ ማማ። ፓፓ ስልክ ሲያወራ ሲያለቅስ አየሁት። ከባሕር ስንመለስ ነው የሚነገርሽ። እስከዚያ ሴግሬቶ ነው፣ ምስጢር ነው ብሎኛል።»

የተናገረችው ያኔ ገባት መሰለኝ፣ አሸዋ በሞላው እጇ አፏን ያዘች።

ምን ልበላችሁ? ከዚያ በኋላ የመጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲያቃጥለኝ ነው። ደረቴን እየደቃሁ ስጮህ የተሰጣው ሕዝብ ሁሉ ብድግ አለ። አንዲት ጣሊያናዊት «ኢል ባምቢኖ! ልጅ ሰጠመ!» ብላ ጮኸች። ፊሽካ ተነፋ። ሁለት የሆቴሉ ዋናተኞች ከነልብሳቸው ባሕር ውስጥ ገብተው መፈለግ ጀመሩ። ባለቤቴ ከውኃው እየሮጠ ወጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ልጆቹን መዳሰስ ነው። ሁለቱም አሉ። ከዚያ ፊቴን አየ። አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

ሰዎቹ አሁንም ባሕሩ ውስጥ ልጅ ይፈልጋሉ። የሚነግራቸው ጠፋ።

«እናቴን ቀብረህ እዚህ አምጥተህ ፀሐይ ታሞቀኛለህ?» አልኩት ትንፋሽ ሳገኝ።

«እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ከነእትዬ ጋር ተመካክረን ነው። ለናታሌ ሰዉ ሁሉ ይበተናል። በአራት ግድግዳ መሐል ብቻሽን እንዴት ይነገርሽ? ስልክም ይደወላል፣ አንዱ ያመልጠዋል ብለን ፈራን። ከሰው አርቃት፣ ስትመለሱ ተሰብስበን እናረዳታለን አሉኝ።»

ደንቡን አውቃለሁ። እኔም ራሴ ለሌላ ሰው እንዲህ ደብቄ፣ ስቄ፣ አብሬ በልቼ አውቃለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን መቀበል አቃተኝ። «ይታያል» ብሎኝ ነበር እኮ!

የባሰው ደግሞ የልጄ ነገር ነው። የቀሩትን ቀናት ባሕሩን ዞራ አላየችም። ምግብ ሲቀርብላት «አልራበኝም» ትላለች። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት፣ «ባልናገር ኖሮ አታለቅሺም ነበር» አለችኝ። ጥፋትሽ አይደለም ብዬ አቀፍኳት። አላመነችኝም። እያለቀሰ የሚናገረኝን ሰው እኔም ባላመንኩት። አባቷም ለመናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት፤ እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች። ፍርሃቴ ከእናቴ ወደ እሷ ዞረ። እናቴንስ አጥቻታለሁ፤ ይህችን ደግሞ በቁሟ ላጣት ነው ወይ?

ሮም በገባን በማግስቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። መስማቴን ማንም አልነገራቸውም፤ ባለቤቴ አፍሮ ዝም ብሏል። ከአልጋዬ ሳልወርድ ልጄ በፒጃማዋ ሮጣ ከፈተች። አምስቱም ጥቁር ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመችባቸው። «ነግሬያታለሁ! እኔ ነኝ የነገርኳት! አትግቡ፣ እንደገና ታስለቅሷታላችሁ!»

እትዬ በልጅቷ አናት ላይ አሻግረው፣ ከኋላዋ የደረስኩትን እኔን አዩኝ። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ያኔ፣ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ ቀስ ብለው በርከክ አሉ።

«አንቺ ነሽ ያረዳሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«እኛ አምስት ሆነን እኮ እስካሁን ስንንቀጠቀጥ ነበር» አሏት። «ማን ይጀምር እየተባባልን ደረጃው ላይ ስንጨቃጨቅ ነው የቆየነው። በይ ነይ፣ መርዶ ነጋሪ ከእኛ ጋር ነው የሚቀመጠው።»

እጇን ይዘው አስገቧትና፣ ሳሎን ውስጥ በእሳቸውና በሽማግሌው መሐል አስቀመጧት። እግሯ ወለል አይደርስም። አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ የእትዬን ነጠላ ጫፍ ይዛ፣ አይታት ለማታውቃት አያቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም ተከተልኳት።