የቱን መዳን ነው?

ፀጉሯን ስሠራት ከመንጋጋዋ ሥር ባቄላ የምታክል እብጠት እጄ ላይ መጣች። ልጄ አስቴር ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የአንድ ለአምስት ሰብሳቢያችን ዳሰሰቻትና «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» አለች። አልጠፋም። አጠገቡ ሌላ ወጣ፤ ሌሊት በላብ ትጠመቃለች፣ ሰውነቷ አለቀ፣ የምትወደውን የበቆሎ ቂጣ እንኳ ገፋችው።

ሆስፒታል ዶክተሯ ከእጢው በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱን ስትነግረኝ አልሸፋፈነችም። «የእጢ ቲቢ ነው። መድኃኒቱ ለወራት ይወሰዳል፤ አንድ ቀን እንዳታቋርጪ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቷን ብርቱካንማ ያደርገዋል፣ አትደንግጪ።» ወደ አስቴር ዞር ብላ «ይሄን ከዋጥሽ ትድኛለሽ» አለቻት። ልጄ አለቀሰች። መርፌው አሟት መሰለኝ።

በየማለዳው «ዋጪ የኔ እናት፣ ትድኛለሽ» እያልኩ እሰጣታለሁ። ትቀበለኛለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ብርቱካን የመሰለው ሽንቷ ቆይቶ ነጣ። ሰውነቷ መድኃኒቱን ለመደው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ እብጠቱ ፈነዳ። መግል ወረደ። መቆም አቃታት። አቅፌያት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እጄ ላይ የምትሞት መሰለኝ።

ዶክተሯ ስለ ሽንቷ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እየዋጠች አይደለም» አለችና አስቴር አጠገብ ተቀመጠች። «መዳን አትፈልጊም እንዴ?»

«አልፈልግም። የዳነ ሰው ሰማይ ቤት ይሄዳል። እማዬን ትቼ አልሄድም። ጋሽ ታምራት ነው ያለን።»

ጋሽ ታምራት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሑድ እሑድ ሕፃናትን የሚያስተምር ነው። በወላይትኛ ከበሽታ መዳን ሌላ፣ ከኃጢአት መዳን ሌላ ቃል አለው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም መዳን ነው። እሱ ደግሞ በአማርኛው ይኮራል። ቤታቸው ወላይትኛ የሚያወሩትን ሕፃናት «የዳኑ ልጆች የት ይሄዳሉ?» ይላቸዋል፤ «ሰማይ ቤት!» ብለው ይጮኻሉ። አስቴር አጎቷ ሲቀበር ሰማይ ቤት ሄደ ሲባል ሰምታለች። መደበቁን ከለመደች ወዲህ ክኒኑን ምላሷ ሥር ይዛ ከጓሯችን እንሰት ሥር ስትቀብረው የኖረችው ላለመሞት ብላ ነው።

ሄጄ ነገርኩት። ሳቀ። እሱን እንኳ በተውኩለት። በሳምንቱ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ስሟን ጠርቶ እንደ ቀልድ አወራው፤ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች። ያን ዕለት ቂም ያዝኩ። «በቀል የጌታ ነው» አሉኝ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ትንሽ ባግዘው ምን ይለኛል አልኩ።

ዶክተሯ መክራኝ «ትድኛለሽ» የሚለውን ቃል ከቤቴ አስወጣሁት፤ «ይሻልሻል» እያልኩ፣ አፏን እያስከፈትኩ፣ ምላሷን እያስነሳሁ ሰጠኋት፤ ሽንቷ እንደገና ብርቱካን ሲመስል እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ፤ ቂጣዋን መልሳ መጠየቅ ጀመረች፣ ጉንጯም ቀስ በቀስ ሞላ። ማታ ማታ ደግሞ በወላይትኛ ሰማይ ቤት እውነት መሆኑን፣ ክኒን የሚዋጠው ግን እዚሁ ለመቆየት መሆኑን እነግራት ነበር። አንዲት ጥያቄም አስጠናኋት።

መድኃኒቱን ጨርሳ ዶክተሯ «ነጻ ናት» ባለችን ሰሞን የልጆች ፕሮግራም ደረሰ። የአንገቷ ጠባሳ ወለል ብሎ እንዲታይ ፀጉሯን ወደ ላይ ሠራሁት። አዳራሹ በወላጅ ሞልቷል። ጋሽ ታምራት ማይክ ይዞ «የዳነ እጁን ያውጣ!» አለ። ከአስቴር በቀር ሁሉም አወጣ።

«አስቴርዬ፣ አልዳንሽም?»

ተነሣች። «የቱን መዳን ነው ጋሽ? ከቲቢው ድኛለሁ። ሰማይ ቤት ግን አሁን አልሄድም።»

ያን ቀን የሳቀ የለም። ጋሽ ታምራት ማይኩን እንደያዘ ላብ አጠመቀው። እኔ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያቺን ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከልጄ አጠገብ ቁጭ ብላ ለምን ብላ ጠይቃለች። ልጃችሁ መድኃኒት እምቢ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት እናንተም ጠይቁ። የቲቢ መድኃኒት ከሆነ ሽንቱን እዩ፣ ምላሱን አስነሡ። ሰማይንም በቤታችሁ ቋንቋ አስተምሩት።

ጋሽ ታምራት አሁን በወላይትኛ ያስተምራል። አስቴር መንገድ ላይ ስታገኘው ሮጣ ትስመዋለች። ሰዎች «አንቺም ይቅር በይው» ይሉኛል። የልጄ መድኃኒት አልቋል፤ የእኔን ገና አልጀመርኩትም።