የባጃጅ ሹፌሩ ሚስት በእግሯ ስትሄድ

ጌጤ የልብስ ስፌት ሱቋ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ሴቻ። ባሏ ኦይታ ባጃጅ ስለሚነዳ፣ ከተጋቡ ወዲህ እግሯ መንገድ የረሳ ይመስል ነበር። ጠዋት ያወርዳታል፣ ማታ ይመልሳታል። ከሱቋ ማዶ ያለው ጭማቂ ቤት እንኳ ሲያምራት፣ "ኦይታዬ፣ በዚህ በኩል ካለፍክ አንድ የማንጎ ጭማቂ..." ብላ ትደውላለች። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የቀራት።

የመጀመሪያ ልጇን ካሌብን ስታረግዝ ስኳሯ ከፍ አለ። ካሌብም ገዝፎ መጣና በኦፕሬሽን ተወለደ። አማቷ "የኛ ጎረምሳ!" እያሉ ሲኮሩበት፣ ጌጤ ከሕመሙም ከድንጋጤውም ቶሎ አላገገመችም። ከወሊድ በኋላ ስኳሯ ቢስተካከልም፣ ሁለተኛ ልጅ ስታስብ ፍርሃቱ ተመለሰባትና አዋላጇን ሲስተር ወርቅአፈራሁን አማከረች።

"አንዴ የታየበት ሰው ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል" አለቻት ሲስተር። "ስለዚህ እስክታረግዢ አትጠብቂ፤ ከአሁኑ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ። ስፖርት ነገር ትሠሪያለሽ?"

ጌጤ ትንሽ አሰበችና፣ "የስፌት መኪናዬን በእግሬ ነው የምረግጠው" አለች።

በማግስቱ ባጃጁን ትታ ከሴቻ ቁልቁል በእግሯ ወረደች። የሚያውቋት ሹፌሮች ሁሉ እየቆሙ "ግቢ እንጂ!" አሏት። እምቢ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሲቀላን አዳረሰ፤ ኦይታና ጌጤ ተጣልተዋል፣ እንዲያውም ሊፋቱ ነው ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ካሱ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ።

"ልጆቼ፣ በትዳር ውስጥ ግጭት ያለ ነው" ብለው ጀመሩ። "ነገር ግን ሚስትን ከባጃጅ እስከማውረድ አያደርስም።"

"ኧረ እኔ አላወረድኳትም፤ ራሷ ናት የወረደችው!" አለ ኦይታ።

"በምን ምክንያት?"

"በስኳር።"

ጋሽ ካሱ በሐዘኔታ ወደ ጌጤ ዞሩ። "ስኳር አልገዛም ብሎሽ ነው?"

ነገሩ ሲገባቸው ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሳቁ፤ ጸልየው፣ የቀረበላቸውን በልተው ሄዱ።

ከወራት በኋላ ጌጤ አረገዘች። አሁን ደግሞ አማቷ ተነሱ። "እርጉዝ ሴት እንዲህ ትንከራተታለች? ልጁን ልትጥይው ነው?" ጌጤ ሲስተር ወርቅአፈራሁን ስትጠይቃት፣ መርምራት መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። "እየሄድሽ ማውራት ካቃተሽ ቀስ በይ። ካዞረሽ፣ ካመመሽ ወይም ደም ካየሽ አቁመሽ ቶሎ ነይ።" ጌጤም ቁልቁለቱን ትታ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሜዳ ሜዳውን መሄድ ጀመረች።

ኦይታ ግን አላስቻለውም። ተሳፋሪ ጭኖ ባጃጁን ከኋላዋ ቀስ እያደረገ ይከተላት ጀመር። አንድ ቀን ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ "ወንድሜ፣ ቀብር እየሸኘን ነው እንዴ?" አለችው። ጌጤም ዞር ብላ፣ "ወይ ሥራህን ሥራ፣ ወይ አብረኸኝ ሂድ!" ብላ ጮኸችበት።

በማግስቱ ባጃጁን አቁሞ አብሯት ወጣ። ብዙም ሳይርቁ ላብ አጠመቀው፤ "ትንሽ አናርፍም?" አለ እያለከለከ።

"እርጉዟ ማናችን ነን?" አለችው ሆዱን እያየች።

የስኳር ምርመራው ቀን ሲደርስ ያንን የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ውሃ ጠጣች፤ ደሟም ደህና ሆኖ ተገኘ። "መሄዴ ነው አይደል?" አለች በኩራት።

"ሳይረዳሽ አልቀረም" አለች ሲስተር ወርቅአፈራሁ። "ግን እየተንቀሳቀሱም የሚይዛቸው አሉ፣ ጥፋታቸው አይደለም። አንቺም ምርመራሽን እንዳትተዪ።"

ኑሃሚን ሆስፒታል ውስጥ በሰላም ተወለደች፤ ክብደቷም ልክ ነበር። አማቷ ግን ገልጠው አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። "ምነው አነሰች? መንገድ ለመንገድ አልቃ ነው!"

"እማዬ፣ ልክ ናት ብለዋል እኮ" አለ ኦይታ።

አማቷ ሕፃኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ጣቶቿን፣ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን ሲመረምሩ ቆዩና፣ "ለማንኛውም ቆንጆ ናት" ብለው ደረታቸው ላይ አስተኟት።