ያልመጣው ድንኳን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ በዚህ በኩል አልታማም። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ፈገግ እያሉ ሰውን መጠርጠር ሥራዬ ነው። እናቴ ግን በእኔ አልወጣችም፣ ወይም እኔ በእሷ አልወጣሁም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የተሰማትን ፊት ለፊት ትናገራለች፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚያደርግ ይመስላታል። እኔን ሳትወልድ በገባችበት፣ እዚሁ አዲስ ከተማ የሚባል ሰፈር ባለው ቤት እስከ ዛሬ አብረን እንኖራለን።

ነገሩ የጀመረው በዕድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ነው። ግሩፑን የከፈተው የዕድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሰው ሲሞት በጡሩምባ ብቻ ሳይሆን በስልክም ይነገር ብሎ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እናቴን "እትዬ" ብሎ ከመቀመጫው የሚነሳላት ጨዋ ሰው ነው። በዓመቱ ስብሰባ ላይ እናቴ "ጸሐፊያችን ብዙ ቆየ፤ እሱ ይረፍ፣ ሌላ ይሞክር" ስትል እንኳ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፎቶ የሌለው፣ ስሙም የሰው ስም ያልሆነ አንድ ሰው እናቴ ከምትጽፈው ሁሉ ሥር መሳደብ ጀመረ። መጀመሪያ "አሮጊት፣ ዝም በይ" አለ። ቀጥሎ "ዕድሜሽን ጨርሰሽ የሰው ዕድሜ ጀመርሽ እንዴ?" አለ።

"ሪፖርት እናድርገው" አልኳት።

"ለምን? ፊቴ ቆሞ ሊለው የሚችለውን ነገር ከሆነ መልስ አለኝ። ፊቴ ቆሞ የማይለውን ያለ ዕለት ያኔ እናስብበታለን።"

ብዙም አልቆየ። "ወደ መጣሽበት ሂጂ" ብሎ ጻፈ። የእናቴ ወላጆች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው የዚህን ሰፈር ልጆች ነው። ያን ቀን ራሷ ለጸሐፊው ደወለች።

"ሪፖርት አድርጌዋለሁ፣ እትዬ። ከግሩፑም አስወጥቼዋለሁ። ይታገሱ" አላት።

ሰውዬው በሌላ ስም ተመለሰ። ደወለች፤ አስወጣው። በሌላ ስም መጣ። ደወለች፤ አስወጣው። እያንዳንዱ ስድብ የት ላይ እንዳመማት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች፣ ሁሉንም ለጸሐፊው ትነግረዋለች። እሱም ሳይሰለች ያዳምጣታል።

ጥርጣሬ የማታውቀው እናቴ እኔን በለጠች። ሰላም ያላትን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ማየት ጀመረች። "ይሄ ይሆን?" ትለኛለች ገና ሰውዬው ሳይርቅ። ከባለሱቁ መግዛት ተወች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በዙሪያ መንገድ ሆነ። እኔ የጠረጠርኩት አንድ ሰው ነበር፦ አጠገባችን የሚኖረውን፣ የግንብ አጥሩን ወደ መተላለፊያው ገፍቶ የሠራውን። እናቴ ግንቡን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጥፋበት ተኳርፈዋል። ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል?

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "ላኪያትና እኔ ጋ ትኑር" አለኝ። እሷም አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዋን አውርጂልኝ አለች። አወረድኩላት። ፊቱን ያላሳየ ሰው እናቴን ከገዛ ሰፈሯ ሲያስነቅላት ቆሜ ማየቴ ነው?

ሻንጣው ገና ባዶ ሳለ ነው ያ ቀን የመጣው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ስከፍት ግሩፑ ላይ በማላውቀው አዲስ ስም የተለጠፈ የእናቴ ፎቶ አለ፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከጎኗ ሻማ ተደርጎላት። ከሥሩ "ነፍስ ይማር። እናታችን ዛሬ ጠዋት አርፈዋል" ይላል። ወዲያው ደወልኩላት።

"ምነው በዚህ ሰዓት?" አለች።

"አለሽ?"

"የት ልሄድ?"

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ራሴ ሪፖርት የሚለውን ተጫንኩ። መልሱ ቤት ሳልደርስ መጣ፦ ያመለከቱት ጽሑፍ ደንብ አልጣሰም። ለማያውቅማ ጸሎት ነው፤ ሻማ አለው፣ ነፍስ ይማር ይላል።

ለእናቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ፎቶዋን አየችው። "በቁሜ ቀበረኝ" አለች። ጸሐፊው እንዲያጠፋው ልደውል ስል ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"ተዪው፣ አይጥፋ። ማን እንደሚመጣ ልይ።"

ዱካዋን በራችን ላይ አድርጋ ምስር መልቀም ጀመረች።

መጀመሪያ የደረሰችው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ናት። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከመታጠፊያው ጀምሮ እሪ እያለች መጣች። እናቴን ስታይ በጉልበቷ ወደቀችና በሲዳምኛ ፈጣሪዋን ማመስገን ያዘች። ከእሷ ኋላ ባለግንቡ እየሮጠ መጣ። "ሳንታረቅ! እትዬ፣ ሳንታረቅ!" ይላል። እናቴ ቀና ስትል ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያንኑ የተጣላንበትን ግንብ ተደግፎ ቀረ። ዕንባ ማስመሰል ይቻላል፤ እንደዚያ መደንገጥ ግን አይቻልም። ወራት ሙሉ የጠረጠርኩት ሰው ነው፤ አፈርኩ።

ሰዉ ጎረፈ። ያየ ሁሉ ይጮኻል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ይስቃል። መቀመጫ ሲጠፋ ከየቤታቸው ወንበር አመጡ። ባለሱቁም መጣ። እናቴ ሁሉንም እየሳመች፣ ከትከሻቸው ባሻገር ግን ወደ መታጠፊያው ታያለች።

"ድንኳኑስ?" አለችኝ ድንገት።

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። በእኛ ዕድር ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጸሐፊው ነው፣ ድንኳንና አግዳሚ አስጭኖ። ለተጣላውም ሰው ቢሆን ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ሲመጣ ድንኳኑ ብቻ አልመጣም።

ምስሩን አስቀመጠችና ተነሳች። ተከተልኳት። የጸሐፊውን በር አንኳኳች፤ ራሱ ከፈተ።

"እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?" አለ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ።

"ለቅሶዬ ላይ ስላጣሁህ መጣሁ።"

"ኧረ ሰምቼ ክው ብዬ ነው የቀረሁት። አሁን ልወጣ ስል ነው እኮ የመጡት።"

"ሞታለች ሲሉህ ክው ካልክ" አለችው፣ "በርህ ላይ ቆሜ ስታየኝ ለምን አልደነገጥክም?"

ዓይኑን ወደ በሩ መቀርቀሪያ አወረደ። ያን ሁሉ ጊዜ የት ላይ እንደሚያማት በገዛ ድምጿ የምትነግረው ለራሱ ለተሳዳቢው ነበር። ይህን ሳስብ ፊቱ ላይ ልተፋበት ፈለግሁ። እሷ ግን እጄን ይዛ መለሰችኝ።

ቤታችን ጋ ልንደርስ ስንል ቆመች።

"ሻንጣዬን ወደ ቦታው ትመልሽልኛለሽ" አለችኝ። "ከዚያ በፊት ግን ሪፖርት አድርጊ።"

"ለማን?"

በአገጯ ወደ በራችን አመለከተችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ባመጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር።