ፍሬ የማያፈራው የገለምሶ ጥድ

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ከጭሮ ወደ ገለምሶ የሄድኩት አንድ ዛፍ ለመለየት ነው። ከገለምሶ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ባልቴት ክረምቱ የቤታቸውን ግድግዳ ጥሎባቸው፣ ለምሰሶ እንዲሆናቸው የጓሯቸውን ጥድ ለመቁረጥ አመልክተዋል። የፈረንጅ ጥድ ከሆነ ይፈቀድላቸዋል፤ የሐበሻ ጥድ ከሆነ ክልክል ነው። ይህን የሚወስነው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ የደን ባለሙያ ከተባልኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ሚኒባሱ በሠላሳ አምስት ብር ሂሳብ ጠቅጥቆን ወጣ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም አንድ ዘር አስመሰለን። ግራና ቀኙ ጫት ነው፤ ጫት ባልደረሰበት ማሽላ ይታጨዳል። መሃል ላይ በዴሳ ከተማ ወርደን ፉል በዳቦ በላሁ። ሹፌሩ ግን ጫቱን ይዞ ዘና አለ፤ እኛም ጠበቅነው።

አምስት ሰዓት ተኩል

አዴ ፋጡማ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን ሴት ናቸው። ከወደቀው ግድግዳ ፊት ሸራ ወጥረዋል፤ የሚያድሩት እዚያ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። መጀመሪያ ሆጃ ጠጣ፣ ዛፍ የትም አይሄድም» አሉኝ። ሆጃ በወተት የተፈላ የቡና ገለባ ነው። ጠጣሁ።

ዛፉ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ ነው። የሐበሻው ጥድ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ አለው፤ የፈረንጁ ደግሞ ሲደርቅ የሚከፈት ጠንካራ ፍሬ። ዙሪያውን ሁለቴ ዞርኩ፤ መሬቱንም ቅርንጫፉንም ፈተሽኩ። አንድም ፍሬ የለም።

«አፍርቶ ያውቃል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አንድም ቀን።»

ሰማያዊ ፍሬ ከሌለው የሐበሻ አይደለም አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ሸራው ከዓይኔ አልጠፋም፤ የስምንት ሰዓቱም ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ፈርቻለሁ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «የፈረንጅ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

«ምን ጻፍክ?»

«የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ይፈቀድልዎታል።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነሱ፤ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይዘው አራገፉት። ቢጫ ብናኝ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።

«አንተ ወንድ ፓፓያ አታውቅም? እሱ አበባ ብቻ ነው፣ አይወልድም። ሁሉን ከቆረጥክ ግን ሴቶቹም አይዙም። እኛ አንዱን እንተዋለን። ይሄም ወንድ ነው። ሚስቶቹ እዚያ መቃብር ጋ አሉ፣ ሂድና እይ።»

ሄድኩ። ከመቃብሩ አጥር ሥር ሁለት ጥዶች ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ልክ የጓሮውን ጥድ ቅጠል ይመስላል፤ ሰማያዊ ፍሬ ሞልቷቸው ወፍ ይለቅምባቸዋል። የጓሮው ዛፍ የፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ደረቅ ፍሬው ዓመቱን ሙሉ ከዛፉ አይጠፋም ነበር። ይህንን ተምሬዋለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ፤ አፈርኩ።

ተመልሼ፣ «አዴ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ መቁረጥ አይፈቀድልዎትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?»

«የጠየቅከኝ ስለ ዛፉ ነው። ስለ ቤቱ መቼ ጠየቅከኝ?»

ቅጹን ቀድጄ በአዲስ ጻፍኩ፦ የሐበሻ ጥድ፣ ወንድ፣ አይቆረጥም። ከሥሩ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ባሕር ዛፍ ምሰሶ እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ሁለት መስመር ጨመርኩ። ይሰጧቸው እንደሆነ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጭሮ ስገባ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ደረስኩ። እኔ ለሰው አዝኜ ልዋሽ ነበር፤ እኚያ ሴት ደግሞ ሸራ ሥር እያደሩ እውነቱን ነገሩኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ሲማሩትም ደስ አይልም።

ባለቤቴ ሸሚዜን እያየች፣ «ዛፉን ለየኸው?» አለችኝ።

«የዛፉ ባለቤት ለዩልኝ» አልኳት። «የቤታቸውን ምሰሶ ከፍለው።»