ይርጋ አንሶላው ላይ ሲጨፍር

ዓርብ ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ
ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ፕሮጀክተሩ፣ ትንሿ ጀነሬተርና አንድ ነጭ አንሶላ ከላንድሮቨሯ ኋላ ታስረዋል። ፊልሙን ግን በቆርቆሮ ዕቃው እንዳለ እኔው ታቅፌዋለሁ። ውስጡ ያለው ይርጋ ነው፣ የመድረክ ጓደኛዬ። አዲስ አበባ ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ ዳንስ ልናሳይ ነበር፤ እሱ በፊልም አንሶላው ላይ፣ እኔ በአካል ከፊቱ። እሱ ጨፍሮ ቆም ይላል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እንደገና እሱ። ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ እስኪመለስ ይርጋን ተስቦ ወሰደብኝ። ቲያትር ቤቱ «ትርኢቱ አይቀርም» አለ። እኔ ደግሞ እናቱ ሳይፈቅዱ ከጨፈርኩ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ይኸው ወደ እሳቸው መንገድ ላይ ነኝ።

ቀትር፣ ፍኖተ ሰላም
አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ሽሮ ከቃሪያ ጋር፣ ለሁለት ሰው ሃምሳ ሳንቲም። ሾፌሩ ጋሽ መርሻ የጎረሰውን ሳይውጥ፣
«ቆይ፣ ሐዘን ቤት ጭፈራ ይዘሽ ልትገቢ ነው?» አለኝ።
«ምን ላድርግ ታዲያ?»
«እኔ እንጃ! በዱላ ቢያባርሩን ብዬ መኪናዋን አዙሬ ነው የማቆማት።»
ሳቅኩ።

ማታ፣ ቡሬ
ያረፍንበት ግቢ በርበሬ ተሰጥቶበታል። ስናስነጥስ አመሸን።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ወደ ሽንዲ መውጫ
የይርጋ እናት እመይቴ የሺ ከል ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ተቀበሉን።
«አዲስ አበባ ቀበራችሁት። እኔ ሬሳውን ሳላይ በልብሱ አለቀስሁ» አሉ።
መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። እንደምንም ነገርኳቸው። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

በሩን ዘጋን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፣ አንሶላውን ግድግዳው ላይ ወጠርን። ይርጋ ወጣ። ትከሻውን አንቀጠቀጠና ወደ ግራው ዞሮ ቆመ።
«ማንን ነው የሚጠብቅ?»
«እኔን፣ እመይቴ።»
«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ተነሽ እንጂ!»
ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ሐዘን ቤት እንዴት ብዬ ልጨፍር? እሱ ጨፈረ፤ ደግሞ ቆመ። እመይቴ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከፊቱ ቆመው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። «ልጄ! ልጄን!» እሳቸው ሲያርፉ እሱ በትከሻው መለሰላቸው። ደቁ፤ መለሰላቸው። ጋሽ መርሻ በሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ፊልሙ አለቀ። እመይቴ የሺ ነጩን አንሶላ በእጃቸው ዳሰሱት።
«አሁን ቀበርሁት» አሉ። «ከእንግዲህ አታስነሡብኝ።»
ፊልሙን ከነቆርቆሮው አስረከብኳቸው። ከልብሱ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ
ቲያትር ቤት ገብቼ «እናቱ አልፈቀዱም» አልኩ። ጮኹብኝ፤ ይጩኹ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣሁለትም።